የሮስ መርዶ

ማክቤዝን አይቶ ከቴአትር ቤት የወጣ ሰው የሚያወራው ስለ ሞቱት ነው። ንጉሥ ዳንከን በእንግድነት በተኛበት ታረደ፤ ባንኮ በጨለማ መንገድ ላይ ተገደለ፤ የማክደፍ ሚስትና ልጆች አለቁ፤ ንግሥቲቱ በገዛ እጇ ሞተች ተባለ፤ በመጨረሻም የማክቤዝ ራስ ተቆርጦ መጣ። እኔን የሚከነክነኝ ግን ያልሞተው ሰውዬ ነው። ሮስ ይባላል። የስኮትላንድ ባላባት ነው። በአምስቱም ገቢሮች ውስጥ አለ። ብዙ አይናገርም፤ ሰይፍ ሲመዝ አናየውም፤ ንጉሥ ሲነሣም ንጉሥ ሲወድቅም አጠገብ አይጠፋም። ያ ሁሉ ደም ሲፈስ አንዲት ጠብታ ልብሱን ሳትነካው ተውኔቱን ይጨርሳል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ማክቤዝን ወደ አማርኛ ካመጣልን ወዲህ ጠንቋዮቹም፣ እጇን ብትታጠብ ብትታጠብ ደሙ አልለቅ ያላት ሴትዮም ቤተኞቻችን ሆነዋል። ሮስን ግን ማን ልብ ይለዋል? ጠንቋይ በቆመበት መድረክ ላይ ለባላባት ዓይን የሚተርፈው የለም። ሰውዬውም የሚፈልገው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ የምናየው እየገሰገሰ ሲመጣ ነው። ንጉሥ ዳንከን የጦርነቱን ወሬ ናፍቆ ቆሟል፤ አንድ የቆሰለ ወታደር የማክቤዝን ጀግንነት ተናግሮ ለሐኪም ተወስዷል። ሮስ ከፋይፍ ደረሰ። የኖርዌይ ንጉሥ ተሸንፏል፣ የወታደሮቹን ሬሳ ለመቅበር እንኳ የተፈቀደለት 10,000 ዶላር ከፍሎ ነው ይላል። (የታሪኩ ማክቤዝ የነገሠው ከ1040 እስከ 1057 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ዶላር የሚባል ነገር አልተፈጠረም። ሼክስፒር ግን ያስከፍላቸዋል። ቴአትር ቤት ውስጥ ደረሰኝ የሚጠይቅ የለም።) በዚያው የወሬ ፍጥነት ካውዶር የተባለው ባላባት ከጠላት ጋር እንዳበረ ጣል ያደርጋል። ንጉሡም ወዲያው ካውዶር ይሙት፣ ሹመቱም ለማክቤዝ ይሁን ብሎ ፈረደ። ዳኛ የለ፣ ምስክር የለ፤ ሮስ ተናገረ፣ አለቀ።

ሹመቱን የሚያደርሰውም ሮስ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ጆሮዬ ይቆማል። ንጉሡ ያለው የካውዶርን ማዕረግ ስጡት ብቻ ነው። ሮስ ማክቤዝ ፊት ሲደርስ ግን ይህ ሹመት ለሚበልጥ ክብር ቀብድ እንደሆነ ይነግረዋል። የሚበልጠው ክብር የቱ ነው? ይህን በል ብሎ የላከህስ ማነው? ጠንቋዮቹ ትነግሣለህ ብለውት እግራቸው ሳይርቅ አንድ የተከበረ ባላባት መጥቶ ቀብዱን እንካ ሲለው የማክቤዝ ልብ ምን ይሁን? ይኸው ስንት ዘመን ጠንቋዮቹን ስንረግም ኖረናል።

በርግጥ የተላከ ሰው በላኪው ቃል ላይ ትንሽ ማር ጠብ ማድረጉ ያለ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ቦሌ ወርዶ ዋሽንግተን ሲደርስ «ሁሉም ሰላም ብለውሃል» አይልም? አንዳቸውም አላሉም። ግማሾቹ እንዲያውም መሄዱን አልሰሙም። ደስ ይበለው ብሎ ነው የሚለው፤ እኛም እያወቅን ደስ ይለናል። ሮስም እንዲሁ ላኪውን ለማሞካሸት ያላት ትሆናለች እላለሁ። ግን ሰላምታ ጨምሮ ማድረስና ዙፋን ጨምሮ ማድረስ አንድ አይደሉም።

ይህን ሰውዬ የተጠራጠርኩት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። በ1893 እ.ኤ.አ. ሊቢ የተባለ ሰው ቶሮንቶ ላይ ባሳተመው ጽሑፍ የተውኔቱ ስውር ወንጀለኛ ሮስ ነው ብሎ ተነሣ። ካውዶር ምስኪን ንጹሕ ሰው ነበር፤ ሮስ በሐሰት ወንጅሎ አስበላው ይላል። የሚጠቅሰውም ነገር አያጣም። ማክቤዝ ከካውዶር ወገን ጋር ሲዋጋ ውሎ መጣ በተባለበት ቀን፣ የካውዶር ሹመት ሲሰጠው «ሰውዬው እኮ በሕይወት አለ፣ ደህና ጌታ ነው» ብሎ ይገረማል። ከሮስ ጋር የመጣው አንገስም የካውዶር ጥፋት ይኸ ይሁን ያ በትክክል እንደማያውቅ ይናገራል። ክሱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው ማለት ነው፤ እሱም ከሳሹ። ያጓጓል። ሆኖም ሊቢ ጠበቃ ቢሆን ኖሮ እኔ ጉዳዬን አልሰጠውም። ምክንያቱም ጥቂት ቆይቶ የንጉሡ ልጅ ማልኮም ካውዶር በደሉን አምኖ፣ ምሕረት ለምኖ፣ እንደ ወንድ እንደሞተ ያወራል። በሰው ሐሰት የተያዘ ሰው እንዲህ አይሞትም። በዚህ በኩል የሊቢ ነገር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ዳንከን ከተገደለ በኋላ ሮስን የምናገኘው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ስለ አየሩ ሲያወጋ ነው። ቀኑ ጨልሟል፤ ጉጉት ጭልፊት ገድላለች፤ የንጉሡ ምርጥ ፈረሶች ደግሞ እርስ በርስ ተበላልተዋል። ሽማግሌው ስለ ፈረሶቹ ሲባል የሰማውን ይናገራል፤ ሮስ ግን በዓይኔ በብረቱ አየሁ ይላል። ፈረስ ፈረስ ሲበላ ያየ ዓይን ንጉሡን ማን እንደበላው ለማየት እንዴት ሰነፈ? ባላባቱ ማክደፍ ሲመጣ ሮስ የሚጠይቀው ተጠያቂው ማን ነው ተባለ ብሎ ነው፤ በይፋ የሚባለውን ሲሰማ ራሱን ነቅንቆ ይቀበላል። ማክቤዝ ሊነግሥ ወደ ስኮን ሄዷል። አንተስ ትሄዳለህ? ይለዋል ማክደፍን። ማክደፍ አይ፣ እኔ ወደ ፋይፍ ቤቴ ነኝ ይላል። ሮስ ወደ ስኮን ሄደ።

የግብሩ ማታ ደግሞ አለ። ማክቤዝ የባንኮ መንፈስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ታይቶት ይቃዣል። እንግዶች ተነሡ፣ ጌታችን ታመዋል የሚለው ማነው? ሮስ። ንግሥቲቱ ምንም አይደለም፣ የቆየ ልማዱ ነው ብላ እንደምንም ታስቀምጣቸዋለች። ንጉሡ እንደገና ይቃዣል፤ እናንተ እንዲህ ያለ ነገር እያያችሁ ፊታችሁ እንዴት አልገረጣም ይላል። ሃያ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሳህኑን በሚያይበት በዚያች ደቂቃ አንድ ሰው ምን ዓይነት ነገር ነው የሚያዩት ጌታዬ? ብሎ ይጠይቃል። ሮስ! ንግሥቲቱ እባካችሁ አትጠይቁት፣ በማዕረግ ተራ ልሂድ ሳትሉ ሁላችሁም ውጡ ብላ ግብሩን በተነች። በአንዲት ጥያቄ የቤተ መንግሥት ግብር ፈረሰ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ወይ ከልክ በላይ የዋህ ነው፣ ወይ ደግሞ መልሱን እያወቀ ሌላው እንዲሰማለት የፈለገ ነው። የዋህ እንዳይባል አምስት ገቢር ሙሉ ቆሞ ቀርቷል።

የፊልም ሰዎች በዚህ አልረኩም። ባንኮን የሚገድሉት ሁለት ሆነው ተቀጥረው ሳለ ድንገት ሦስተኛ ሰው ይመጣል፤ ማንነቱ አይነገርም፤ የባንኮን አመጣጥና የግቢውን ልማድ ግን አብጠርጥሮ ያውቃል። ሮማን ፖላንስኪ በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፊልም ይህን ሰው ሮስ አደረገው፤ የማክደፍን ቤት በር ለገዳዮች የሚከፍተውም እሱው ነው፤ በመጨረሻ ዘውዱን አንሥቶ ለማልኮም የሚያቀርበውም ሌላ ሰው አይደለም። ጆኤል ኮኤን በ2021 እ.ኤ.አ. ፊልሙ የሮስን እጅ ከዚያም በላይ አስረዘመው። ማየቱ ደስ ይላል። እኔ ግን አልስማማም። ሮስ ሰይፍ ይዞ ጫካ ውስጥ የሚያደፍጥ ዓይነት አይደለም፤ ቀሚሱ ይቆሽሽበታል።

ይህን ሁሉ ሲሰሙ የሚስቁብን ምሁራን አሉ። በ1933 እ.ኤ.አ. ናይትስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐያሲ የማክቤዝ ሚስት ስንት ልጆች ነበሯት የሚል ርእስ የሰጠው ጽሑፍ አወጣ፤ ርእሱ ለማሾፍ ነው። ገፀ ባሕርያት ከቃል የተሠሩ ናቸው፣ ከመድረኩ ኋላ ቤትና ጎረቤት የላቸውም፣ እንደ ሰፈር ሰው አትሟቸው ነው ነገሩ። የቴአትር ሰዎችም በበኩላቸው ሼክስፒር በእጁ የነበሩት ተዋንያን ጥቂት ስለሆኑ ወሬ የሚያመጣ አፍ ሲያስፈልገው ሮስን እየጠራ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። እሺ፣ አላማም። ከመድረኩ ኋላ አልሄድም። ሮስ ያለውን ብቻ፣ ያለበትን ተራ ብቻ ልይ።

ማክደፍ ቤተሰቡን ትቶ ወደ እንግሊዝ ሸሽቷል። ሮስ ሚስቱን ሊጠይቅ ፋይፍ ይገባል። ሴትዮዋ ባሏ ጥሏት በመሄዱ ተናዳለች፤ ሮስ ታገሺ፣ ባልሽ ብልህ ነው፣ ወቅቱን ያውቃል እያለ ያባብላታል። ዘመኑ ክፉ ነው ይላል፤ ይህ ክፉ ዘመን ወደ ማን ቤት እያመራ እንደሆነ ግን አይናገርም። ብቆይ አለቅሳለሁ፣ ማልቀሴ ደግሞ ያሳፍረኛል ብሎ ይወጣል። እሱ እንደወጣ እናትና ልጅ ትንሽ ይጫወታሉ፤ ከዚያ አንድ ስም የሌለው ሰው ሮጦ ይገባል። እመቤቴ አያውቁኝም፣ እኔ ግን አውቅዎታለሁ፤ አደጋ ደርሷል፣ የተራ ሰው ምክር ይስሙ፣ ልጆቹን ይዘው ይሽሹ ይላል። በጥቂት መስመሮች ተናግሮ ይጠፋል። ገዳዮቹ ወዲያው ደረሱ። ይህ ሰው ዘመድ አይደለም፤ ማዕረግ የለው፤ ተውኔቱ ስም እንኳ ነፍጎታል። ሮስ ግን ዘመድ ነው፣ የቤተ መንግሥት ሰው ነው፣ ከገባ እስኪወጣ የተናገረው ከዚያ ሰውዬ ይበዛል። ሽሺ የምትለዋን አንዲት ቃል ግን አልተናገረም።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሂድ። አባቱ ሲገደል ወደዚያ የሸሸው ማልኮምና ማክደፍ አንድ ላይ ናቸው። ማልኮም ሰላይ ፈርቶ ማክደፍን ሲፈትነው አረፈደ፤ ሴሰኛ ነኝ፣ ስግብግብ ነኝ እያለ ባልሠራው ኃጢአት ራሱን አዋረደ፤ ሰውዬውን አስለቅሶ ነው ያመነው። ሮስ ሲመጣ መጀመሪያ ማን እንደሆነ እንኳ አልለየውም፤ ማክደፍ ዘመዴ ብሎ ሲቀበለው ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አመነው! ማክደፍ ሚስቴ እንዴት ናት ሲል ሮስ ደህና ናት ይላል። ልጆቼስ? እነሱም ደህና ናቸው። ያ ጨካኝ ሰላማቸውን አልነካም? ኧረ፣ እኔ ስለያቸው በሰላም ነበሩ። ሐሰት አይደለም፤ ሲለያቸው በሰላም ነበሩ።

ይህን ታሪክ ቡና ላይ ለአክስቴ አጫወትኳቸው። አክስቴ ሼክስፒርን አያውቁም፤ መርዶን ግን ያውቃሉ። በሰፈራችን መርዶ ሲመጣ ማን ይንገር፣ መቼ ይነገር፣ ከዘመድ ማን ይቅደም የሚባለው ከሳቸው ጋር ነው። መርዶ ማታ ቢደርስ አይነገርም፤ ሰውዬው እንቅልፉን ይተኛ ይባላል። ጎረቤት ለጎረቤት ይንሾካሾካል፤ ሲነጋ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው በሩ ላይ ይሰበሰባል። ተማሪ ፈተናውን እስኪጨርስ፣ ነፍሰ ጡር እስክትገላገል ይቆያል። ዱባይ ያለች ልጅ ኮንትራቷን እስክትጨርስ እናቷ «ትንሽ አሟት ነው» እየተባለች ስንት ወር ትኖራለች። ዋሽንግተን ያለ ሰው እሑድ ማለዳ ስድስት ጓደኞቹ ሳይደውሉ በሩን ሲያንኳኩ ካየ ማን እንደሞተ እንጂ መሞቱን አይጠይቅም።

ስለዚህ አክስቴ ሮስን ሊወቅሱት አልቸኮሉም። «ደህና ናቸው ማለቱ ደግ አድርጓል» አሉ። «እንዲህ ነው የሚባል። በር ላይ ደርሶ ሞቱ ይባላል እንዴ?»

«ከዚያስ በኋላ እንዴት ነገረው?» ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። ቤትህ ተወረረ፣ ሚስትህና ልጆችህ ታረዱ፤ አሟሟታቸውን ብተርክልህ አንተንም ጨምሬ እገድልሃለሁ አለው። አክስቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ተቀምጦ ነበር?»

«ቆሞ ይመስለኛል።»

«ዘመድ አለ አጠገቡ?»

«የንጉሡ ልጅ አለ። ወጣት ነው። ሐዘንህን አውጣው አለና ወዲያው በበቀል ታከም አለው።»

«ኧረ መጀመሪያ ያስለቅሱት!» አሉ። «ወጣት ልጅ ለመርዶ ይላካል?»

ማክደፍ አላምን ብሎ ልጆቼም? ሚስቴም? እያለ ደጋግሞ ሲጠይቅ ሮስ አንዴ ተናግሬያለሁ በሚል ዓይነት እንደመለሰለት ስነግራቸው አክስቴ አማተቡ። መርዶ የሰማ ሰው መቶ ጊዜ ይጠይቃል፤ ነጋሪውም መቶ ጊዜ ይመልሳል። ሥራው ነው።

ያስቀረሁት አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ጨመርኩላቸው። ሮስ ደህና ናቸው ባለበትና አለቁ ባለበት መካከል ዝም አላለም። አገር ቤት ሰው መሸፈት እንደጀመረ፣ ማልኮም ብቅ ቢል ጦር እንደሚከተለው፣ ሴቶች ሳይቀሩ እንደሚዋጉ ተናገረ። ማልኮምም አይዞህ፣ እየመጣን ነው፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ሲዋርድ የተባለውን ጀግና ከ10,000 ወታደር ጋር ሰጥቶናል አለው። መርዶው የወጣው ይህን ከሰማ በኋላ ነው። ገቢር አንድ ላይ የ10,000 ዶላር ወሬ ይዞ የመጣው ሰውዬ ገቢር አራት ላይ የ10,000 ወታደር ወሬ ሰምቶ አፉን ከፈተ።

አክስቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «እንዲያ ከሆነማ ያቆየው ለሰውዬው አዝኖ አይደለም» አሉ። ቀጥለውም ያልጠበቅሁትን ጥያቄ አመጡ፤ «ጦሩ ባይኖርስ? ደህና ናቸው እንዳለ ተመልሶ ይሄድ ነበር?»

ናይትስ ቢሰማ ከተውኔቱ ውጭ የሆነ ጥያቄ ነው ይላል። ይበል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያንን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር የማየው ማክደፍን ሳይሆን ሮስን ነው። ማክደፍ ሲጠይቀው ዓይኑ ወዴት ይሄዳል? ወደ ማልኮም ይመስለኛል። ለመሸፈት ወይም ላለመሸፈት የመጣ ሰው ነው፤ ጦር ከሌለ ይዞት የመጣው ነገር መርዶ ሳይሆን ጣጣ ነው። ጦር ካለ ግን ያ መርዶ ማክደፍን እሳት አድርጎ ይሰድደዋል። ሮስ ማንንም አልገደለም፤ እኔ በዚህ እምላለሁ። ዕቃ አልሰረቀም፣ በር አልከፈተም። የሌላውን ሰው ለቅሶ በኪሱ ይዞ ገበያውን አየ።

ምስክር ከተፈለገ የመጨረሻው ገቢር አለ። ጦርነቱ አብቅቷል፣ ወገኖቹ አሸንፈዋል። የሽማግሌው የሲዋርድ ልጅ ሞቷል፤ ለአባትየው የሚናገረው አሁንም ሮስ ነው። አገሩ ሌላ መርዶ ነጋሪ የለውም። ዘንድሮ ግን ደህና ነው ብሎ ነገር የለም። ልጅዎ የወታደር ዕዳውን ከፈለ ብሎ በመጀመሪያዋ ዐረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። አባት ቁስሉ በፊት ለፊቱ ነው ወይ ሲል ሮስ አዎን፣ ከፊቱ ነው ይላል፤ ሽማግሌው በዚህ ይጽናናል። ያማረ መርዶ ነው፤ አክስቴም ቢሰሙት ይወዱታል። ሲያሸንፍ መንገርም ያውቅበታል።

ከዚያ ማልኮም ዙፋኑን ይይዛል፤ የመጀመሪያ ሥራውም ሹመት ነው። ባላባቶቹን ሁሉ ኧርል አድርጌያችኋለሁ፣ ስኮትላንድ ይህን ማዕረግ ስትሰጥ የመጀመሪያዋ ነው ይላል። በኛ ቤት ቢሆን ግራዝማች ሆኖ ገብቶ ደጃዝማች ሆኖ እንደ መውጣት ነው። ሮስም ከባላባቶቹ አንዱ ስለሆነ ከፍ ብሏል፤ ሲሾም አንዲት ቃል አይናገርም። ንጉሡ በመጨረሻ ሁሉንም ለንግሡ ወደ ስኮን ይጋብዛል። ማክደፍ ባለፈው አልሄደም ነበር፤ መንገዱ ቢጠፋው ሮስ ያሳየዋል።